ጫቱ ወይስ የተረጨበት ኬሚካል?

ሐረር ውስጥ ስለ ጫት ጉዳት ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የሚጎዳው ቅጠሉ ራሱ ነው ወይስ አወዳይ ገበያ ከመድረሱ በፊት የተረጨበት ፀረ ተባይ? ሁለቱን ለመለየት ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሰው ወይም የእንስሳት ሕዋሳት ላይ የሚደረገው የዘረመል ጉዳት ምርመራ ነው፤ ያልተረጨ ቅጠል፣ የተረጨ ቅጠልና ፀረ ተባዩ ብቻውን ጎን ለጎን ሊፈተኑ ይችላሉና።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው የማይክሮኒውክለስ ምርመራን ነው። ሕዋስ ሲከፋፈል የተሰበረ የክሮሞሶም ቁራጭ ወይም ወደ ኋላ የቀረ ሙሉ ክሮሞሶም ከዋናው ኒውክለስ ውጭ ይቀርና የራሱን ሽፋን ለብሶ እንደ ትንሽ ኒውክለስ ይታያል። ከደም የተወሰዱ ሊምፎሳይቶች (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) በራሳቸው ስለማይከፋፈሉ ከቦሎቄ በሚገኝ ፕሮቲን ይቀሰቀሳሉ። ከዚያም ሳይቶካላሲን ቢ የተባለው ንጥረ ነገር ኒውክለሱ ከተከፈለ በኋላ ሕዋሱ ለሁለት እንዳይለያይ ስለሚያግደው፣ አንድ ጊዜ የተከፋፈለ ሕዋስ ሁለት ኒውክለስ ይዞ በመገኘቱ ይታወቃል። መርማሪው ማይክሮኒውክለስ የሚፈልገው በእነዚህ ውስጥ ሲሆን፣ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የምርመራ መመሪያ ቁጥር 487 ለእያንዳንዱ የሚፈተን መጠን ቢያንስ 2000 ሕዋሳት እንዲታዩ ይጠይቃል፤ በአጉሊ መነጽር ለሚቆጥር ሰው ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው።

በብልቃጥ ያለ ሕዋስ ግን የጉበትን ሥራ አይሠራም። ሳይክሎፎስፋማይድን የመሳሰሉ ኬሚካሎች ዲኤንኤን የሚጎዱት የጉበት ኢንዛይሞች ከለወጧቸው በኋላ ስለሆነ፣ ምርመራው ኤስ-9 የሚባለው የአይጥ ጉበት ጭማቂ ተጨምሮም ሳይጨመርም ይካሄዳል። ያለ ጉበት ጭማቂ ብቻ ተሠርቶ «ጉዳት አልተገኘም» የሚል ዘገባ አያሳምነኝም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። መጠኑ እጅግ ሲበዛ የሚሞቱ ሕዋሳት ራሳቸው ዲኤንኤያቸውን ስለሚሰባብሩ መመሪያው የመርዛማነቱን ጣሪያ፣ ማለትም የሕዋሳቱ መባዛት ካልተነኩት ጋር ሲነጻጸር የሚቀንስበትን መጠን፣ 55 በመቶ አካባቢ ላይ ይወስናል። የቅጠል ጭማቂ የማሳደጊያውን ፈሳሽ አሲዳማነት ወይም የጨው ክምችት ሊለውጥ ይችላል፤ ይህም ብቻውን ክሮሞሶም ሊሰብር ስለሚችል አስቀድሞ መለካት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት በጫት ቃሚዎች የአፍ ውስጥ ሕዋሳት ላይ የማይክሮኒውክለስ ብዛት ጨምሮ ተገኝቷል። ከቃሚ አፍ የሚወሰድ ሕዋስ የደረሰበትን ጉዳት ያሳያል እንጂ መንስኤው ቅጠሉ ይሁን በላዩ ያለው ኬሚካል ብቻውን አይነግርም። የብልቃጡ ምርመራ በበኩሉ ሁለቱን ይለያል፤ ቅጠል ጉንጭ ውስጥ ለሰዓታት መቆየቱን ግን አያውቅም። ስለዚህ ለሐረር የሚሆን ጥናት ቢታቀድ፣ ያው የተረጨ ቅጠል ታጥቦም ሳይታጠብም ሊፈተን ይገባል።