ልጁ ሲመልስላቸው

የምሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነው። አንድ ጠዋት ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ካርዳቸው ሲታይ ያስደስታል። ግፊታቸው 130 በ80፣ ስኳር የለባቸውም፣ መድኃኒት አያቋርጡም።

የዕለት ተዕለት አቅም መለኪያውን አወጣሁ። ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 26 ጥያቄ የኑሮ ጥራት መጠይቅም አለ። ግን ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ተሰልፎ 26 ጥያቄ ማን ይጠይቃል!

ስድስቱንም ልጁ መለሰ። «ሁሉንም ራሱ ነው የሚያደርገው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ወጣት ነው።» አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። 6 ከ6።

እኔ ግን አባት ልጁ ፊት ስለ ሽንቱ ያወራል ብዬ አላምንም። ልጅ አብሮ ሲመጣ ፋርማሲ የሚያስልክ ሰበብም አይጠፋኝም። ላክሁትና በሩን ዘጋሁ።

«አባባ፣ አምና ያደርጉት የነበረ፣ ዘንድሮ የተዉት ነገር አለ?»

ትንሽ አሰቡ። «እድር» አሉ። ቅዳሴም ቀርተዋል። ሽንት ድንገት ይመጣባቸዋል፤ ፋታ አይሰጣቸውም። ሰው መሀል እንዳያዋርዳቸው ፈርተው ቤት ዋሉ። መላ ያሉትንም ራሳቸው ዘይደዋል፤ ውኃ መጠጣት ትተዋል። የግፊት ኪኒናቸው ደግሞ የሚያሸናው ዓይነት ነው።

አስተኝቼ ለካሁ፤ አስቁሜ ደገምኩ። የላይኛው ቁጥር ከ130 ወደ 105 ወረደ። 20 ሲወርድ እንኳ ዝም አይባልም። በዚህ ዕድሜ ሰው ከአልጋው ሲነሳ አዙሮት የሚወድቀው እንዲህ እየሆነ ነው፤ ዳሌ ከተሰበረ ደግሞ ብዙዎች እንደ ቀድሟቸው አይሄዱም። ካርዱ ላይ ግን በየወሩ የተጻፈው ተቀምጠው የተለኩት ብቻ ነበር።

ሐኪማችን ኪኒኑን በሌላ ቀየረላቸው። ለፕሮስቴት ምርመራም ሪፈር ጻፈ። ውኃ እንዲጠጡ አጥብቀን ነገርናቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቱ 138 በ82 ሆነ። ልጁ «ጨመረ እኮ!» ብሎ ደነገጠ። ቆመውም ሲለኩ ብዙ እንዳልወረደ አሳየሁት፤ ያን ያህል አልተጽናናም። አባት ለቁጥሩ ደንታም የላቸው። እድሩ አዲስ ድንኳን ሊገዛ ነው፤ ሊቀመንበሩ የመረጠው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስብሰባው ላይ ተነስተው እንዴት እንደሞገቱት ገና ሳይጨርሱልኝ ቀጣዩ ተረኛ በሩን ከፍቶ ገባ።