ከአንዲት ንግሥት እስከ ሃያ ሠራተኞች፦ ጉንዳን በቱቦ ማሳደግ

ንግሥቷ ክንፏን ጥላ ቱቦ ውስጥ ከገባች በኋላ ለሳምንታት ምንም አትበላም። የመጀመሪያ ልጆቿን የምትመግበው ከእንግዲህ የማያስፈልጓትን የክንፍ ጡንቻዎችና የሰውነቷን ስብ አቅልጣ ነው። ስንቋ የተመጠነ ስለሆነ ቱቦው በተነቃነቀ፣ መብራት በበራባት ቁጥር ኪሳራው የእሷ ነው። የደነገጠች ንግሥት እንቁላሏን መልሳ ትበላለች፤ ደጋግሞ ከደረሰባት ደግሞ እንደገና የምትጀምርበት አቅም አይተርፋትም። ብዙ መንጋ ገና ሳይመሠረት የሚቀረው በባለቤቱ ጉጉት ነው።

ስለ አመራረጥ ጥቂት። ከዝናብ በኋላ የሚወጣው ባለክንፍ ሁሉ ጉንዳን አይደለም፤ ምስጥም በዚያው ሰሞን ይወጣል። ጉንዳን ወገቧ ቀጭን፣ አንቴናዋ እንደ ክርን የታጠፈ፣ የፊት ክንፏም ከኋላው የሚረዝም ነው። የምስጥ ወገብ ግን አይቀጥንም፣ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። የምትፈለገው ደረቷ ጉብ ያለ፣ ክንፏን ጥላ ብቻዋን መሬት ለመሬት የምትሮጠዋ ናት። ክንፏን መጣሏ ብቻውን ከወንድ መገናኘቷን አያረጋግጥም፤ ካልተገናኘች ከእንቁላሏ የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ጉንዳን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን በሰልፍ የሚጓዘው ዶሪለስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ንግሥቱ ከመጀመሪያውም ክንፍ የላትም፣ አዲስ መንጋም የሚፈጠረው ነባሩ ለሁለት ሲከፈል ነው። ለጀማሪ ላሲየስ፣ ካምፖኖተስ፣ ፌይዶሌ ወይም ሜሶር ከሚባሉት የጉንዳን ወገኖች አንዱ ይሻላል። ሚርሚካ የሚባለው ወገን ንግሥት ግን ከመጀመሪያው ቀን ምግብ ትሻለች፤ ባዶዋን ከተዘጋባት ትሞታለች።

ቱቦው 16 ሚሊ ሜትር ስፋትና 150 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአንድ በኩል የተደፈነ የላቦራቶሪ ቱቦ (ቴስት ቲዩብ) ይሁን። እስከ ሲሶው ንጹሕ ውሃ ይሞላና ጥጥ በእንጨት እየተገፋ ውሃውን እስኪነካና እስኪርስ ድረስ ይገባል። ከጥጡ ወዲህ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተውና አፉ በደረቅ ጥጥ ይዘጋል። የውሃው ጥጥ ከላላ ቱቦው ይጥለቀለቃል፣ ከመጠን በላይ ከታጨቀ ደግሞ እርጥበት አያሳልፍም። ንግሥቷ ከመግባቷ በፊት ቱቦውን አጋድሞ አንድ ቀን ማሳደር ጥሩ ነው፤ ጠዋት ላይ ጥጡ እርጥብ፣ ወለሉ ደረቅ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአየር አረፋው ላይ ነው። ከጥጡ ጀርባ ውሃው ውስጥ አረፋ ከተያዘ፣ ክፍሉ ሲሞቅ አረፋው ይሰፋና ውሃውን በጥጡ በኩል ወደ ንግሥቷ ይገፋዋል። ስለዚህ ሲሞላ አረፋ አይቅር። ውሃው በተጠጣና በተነነ ቁጥር ግን አየር በጥጡ በኩል መግባቱ አይቀርም፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው ሳምንት ደህና የነበረ ቱቦ በአምስተኛው የሚጥለቀለቀው። መፍትሔው የአፉን በኩል በታጠፈ ወረቀት በትንሹ ከፍ አድርጎ ማጋደም፣ ከፀሐይና ከመስኮት ማራቅ ነው። ማሞቂያ ካለም ከውሃው በኩል ሳይሆን ከደረቁ አፍ በኩል ይደረግ። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአብዛኞቹ ይስማማል።

ከዚያ ጨለማ። ቱቦው ተሸፍኖ፣ ሰው የማይረግጠው ጸጥ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በ7 ወይም በ10 ቀን አንዴ፣ በቀይ ብርሃን፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ እይታ ይበቃል፤ ቀይ ብርሃን ለእነሱ ብዙም አይታያቸውም።

ከላሲየስ ወገን አንዷ ዝርያ በሆነችው በላሲየስ ኒጀር ንግሥት የሚጠበቀው ሂደት ይህን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ነጭ እንቁላሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ይታያሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባት ንግሥቷ ክምሩን በመንጋጋዋ አንስታ ትሸሻለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እንደ መንጠቆ የጎበጡ እጮች ይወጣሉ። ቀጥሎ እጮቹ ድር ፈትለው ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ ድሩን የሚያያይዙበት ነገር ስለሚፈልጉ፣ ተቀቅሎ የደረቀ አሸዋ ገና ሲጀመር በቁንጥር ቢጨመር ይረዳቸዋል። ከሽፋኑ ጫፍ አንዲት ጥቁር ነጥብ ስትታይ ሻጋታ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ። ነጥቧ እጩ ወደ ፑፓ፣ ማለትም በሽፋኑ ውስጥ ወደ ሙሉ ጉንዳን ወደሚለወጥበት ደረጃ፣ ሲሸጋገር ያስወገደው ቆሻሻ ናት፤ ጤናማ ምልክት ናት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ይወጣሉ። ትንንሾች ናቸው፣ ከአንዲት እናት ገላ በተቀነሰ ምግብ ስላደጉ።

አሁን ምግብ ይጀመራል። አንድ እጅ ስኳር በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ የመርፌ ራስ የምታህል ጠብታ በቁራጭ ወረቀት ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ከበለጠ ይሰምጡበታል። ስኳሩ የሠራተኞቹ ጉልበት ነው፣ እጮቹን የሚያሳድገው ግን ፕሮቲን ነው፦ አንድ የተጨፈለቀ የፍራፍሬ ዝንብ ወይም የፌንጣ እግር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ምግቡ አስቀድሞ ለጥቂት ሰከንድ በፈላ ውሃ ቢነከር ጥገኛ ተባይ አያስገባም። የተረፈው በማግስቱ በወረንጦ ይወጣል። ፀረ ተባይ በተረጨበት ቤት የተያዘ ነፍሳት በፍጹም አይሰጥ፤ አንድ የተመረዘ ዝንብ ሙሉ መንጋ ይጨርሳል።

ጥጡ ቢጫ መሆኑ አያስቸኩልም። ውሃው ሊያልቅ ሲል ወይም ጥቁር ሻጋታ ወደ እጮቹ ሲጠጋ ግን መዛወር አለባቸው። አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው ጋር አፍ ለአፍ በፕላስተር ይገጠማል፤ አሮጌው ይገለጣል፣ አዲሱ ይሸፈናል። አንዳንዱ መንጋ በአንድ ሌሊት ይሻገራል፣ አንዳንዱ ሳምንት ይፈጃል። መገልበጥና መምታት እጭም ንግሥትም ይጎዳል።

ሁለት የላሲየስ ኒጀር ንግሥቶች በአንድ ቱቦ ቢቀመጡ ሲጀምሩ ይተባበራሉ፤ ሠራተኞች ሲወጡ ግን ይጋደላሉ። ቀዝቃዛ ክረምት ካለበት አገር የመጡ ዝርያዎች ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቦታ ለወራት ማረፍ አለባቸው። ከሌላ አገር የመጣ መንጋ ደግሞ ወደ ውጭ አይለቀቅ። ላሲየስ ኒጀር በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ የኖረች ንግሥት ተመዝግባላታለችና ውሳኔው የረጅም ጊዜ ነው።

የጄሶ ጎጆ ከ20 ሠራተኞች በፊት አይቅረብ። ሰፊ ጎጆ የተሰጠው ትንሽ መንጋ ትርፉን ክፍል የቆሻሻ መጣያ ያደርገዋል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይነሣል። እስከዚያ ቱቦው እንዳለ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይጋደምና አፉ ይከፈታል። የሣጥኑ ግድግዳ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በአልኮል የተለወሰ ታልክ ፓውደር በብሩሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ እግራቸው አይይዝበትም። እርጥበት ስለሚያሟሟው በየሳምንቱ በጣት ጫፍ መፈተሽ ነው፦ ጣት ላይ ነጭ ዱቄት ካልቀረ እንደገና ይቀባል።