ቢጫውን ሳላይ የበየድኩት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአባቴን ቢ.ኤስ.ኤ ሞተር ብስክሌት ሻሲ ኮርቻው ሥር ተሰንጥቆ አገኘሁትና በኤሌክትሪክ በየድኩት። ብየዳው አምሮ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁ፣ አንዱ «አንተማ ባለሙያ ሆነሃል» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ኮርቻው ላይ ቁጭ ስል «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታህል አዲስ ስንጥቅ ወጥታለች። ከድሮዋ ትረዝማለች።

ከዚያ ወዲህ ያለፈው ጊዜ በሙሉ ያቺን ስህተት በማረም ነው ያለቀው።

ሞተሯን ለማታውቁ፦ ኤም 20 ናት። አንድ ሲሊንደር፣ 496 ሲሲ። የተሠራችው በርሚንግሃም ነው። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በጦር መሣሪያ ስለሆነ ምልክቱ ሦስት ጠመንጃ ነው፤ የሰፈር ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በብዛት የነዳው ሞዴል ነው። አባቴ የገዛት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኋላ እግሯ ሞላ የለውም። ጉድጓድ ሲመጣ የሚመታው መጀመሪያ ሻሲው፣ ቀጥሎ የነጂው ወገብ ነው። በ2011 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር መንዳት ሲገደብ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ገባች፣ እዚያው ዝጋ ቀረች።

የምንኖረው ግንፍሌ ነው። ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ። የእኔ «ጋራዥ» ሁለት ሜትር በሦስት የሆነች የቆርቆሮ ጥግ ናት። ሞርሳ (መቆንጠጫ)፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ)፣ ግራይንደር፣ አንዲት ትንሽ ኢንቨርተር የኤሌክትሪክ መበየጃ። የመሣሪያው ስም ግማሹ ጣሊያንኛ፣ ሞተሯ እንግሊዝ፣ ማሽኑ ቻይና። ሰላም ነው የሚኖሩት።

ሻሲውን ባዶውን አራቁቼ በሰው ፒክ አፕ ጭኜ ምናለሽ ተራ ወሰድኩት። እዚያ የናስ ብየዳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ካራ አወጡና ከስንጥቁ ራቅ ብለው ቀለሙን ፋቁት። ከቀለሙ ሥር፣ ቱቦው መጋጠሚያው ውስጥ በሚገባበት ጠርዝ ላይ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር ታየ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ናስ» አልኩ፣ ድምፄ እየቀነሰ።

«ናስ ላይ ኤሌክትሮድ ጣልክበት?»

ዝም አልኩ።

«ወርቅ ሠሪ እንኳ መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ፍቆ ያያል፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተሮች ሻሲ በአብዛኛው ቱቦ ከቱቦ ጋር ተበይዶ አልተሠራም። ቱቦው በቅርጽ የፈሰሰ የብረት መጋጠሚያ ውስጥ ይሰካል፣ በመሃላቸው ያለችውን ቀጭን ክፍተት የቀለጠ ናስ ይሞላታል። ብረቱ ራሱ አይቀልጥም። ብረት የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ የብየዳ ናስ ግን 900 አካባቢ ይበቃዋል። እኔ የኤሌክትሪክ እሳት ስለቅበት ብረቱም ናሱም አብረው ቀለጡ። የቀለጠ ናስ ደግሞ የጋለና የተወጠረ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ቅንጣቶች መሃል ሰርጎ ይገባል። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ግን ተለያይቷል። መጋጠሚያውም ቢሆን እንደዚያ ያለ ሙቀት አይወድም። ከመጠን በላይ ከጋለ ጠንክሮ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል።

አሁን ሳስበው ሞተሯ ነግራኝ ነበር። ስበይድ ነጭ ጭስ ይወጣ ነበር፣ የቀለም ጭስ መስሎኝ አለፍኩት። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ጭሱ እሱ ነው። ያን ዕለት ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ አጥንቴን ቆረጠመኝ፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበረ። እናቴ «ምች ነው የመታህ» ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። በማግስቱ ተሻለኝና ዳማከሴው ተመሰገነ። የዚንክ ጭስ ትኩሳት የሚባል ነገር እንዳለና ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን በራሱ እንደሚለቅ ያወቅኩት በኋላ ነው። እናቴ ግን እስካሁን አልተቀበለችኝም። እናንተ ለማንኛውም ገላጣ ቦታ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። ዚንክ የተቀባ ቱቦም ያው ነው።

ጋሼ ሻሲውን ወዲያው አልነኩትም። «መጀመሪያ በውራጅ ተማር» ብለው የአሮጌ ብስክሌት ቱቦ ቁርጥራጭ ሰጡኝ። አምስት ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውርደት ነው። ናሱ ብረቱ ላይ ሲያርፍ የጋለ ምጣድ ላይ እንደተንጠባጠበ ውኃ እየተንከባለለ ወረደ። እኔ ናሱን ነበር የማግለው። ጋሼ «ዘንጉን ተወው፣ ብረቱ ያቅልጠው» አሉ፤ ዘንግ የሚሉት የሚቀልጠውን የናስ በትር ነው። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይቺ ናት። እሳቱ የሚሄደው ወደ ብረቱ ነው። ብረቱ ሲደርስ ዘንጉን ብታስነኩት በራሱ ይፈሳል፣ ወደሚግለውም ይሮጣል። ወደ ውስጥ እንዲገባ ከፈለጋችሁ እሳቱን ወደ ውስጥ በኩል ትወስዱታላችሁ፣ ናሱ ይከተላችኋል።

መድረሱን የሚነግራችሁ ቦራክሱ፣ መጋጠሚያው ላይ የሚደረገው ነጭ ዱቄት ነው። መጀመሪያ እንደ አረፋ ይነፋል፣ ያስጠላል። ከዚያ ሟሽቶ ይተኛል። 743 ዲግሪ ላይ ቀልጦ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ብረቱን አልብሶ ከአየር ይከልለዋል። ከዚያ ትንሽ ብቻ ነው የሚቀረው። ብረቱ ከበሰለ ቲማቲም ቀለም ወደ ብርቱካን ሲያልፍ ዘንጉን ትሞክራላችሁ። ፀሐይ ላይ ሆናችሁ ግን ቀለሙን አታዩትም። ጥላ ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ቁራጭ ያቃጠልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከውጭ የሚያምር ነገር ሠራሁ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ሴጌቶ ሰጡኝና በቁመቱ ሰንጥቀው አሉኝ። ናሱ አፉ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ውስጡ ደረቅ! አናት ላይ እንደተቀባ ቅቤ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፦ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አላጸዳሁም፣ ቱቦውም በጣም ላልቶ ነበር። ክፍተቱ አንድ ወረቀት የምታልፍበት ያህል፣ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሰፋ ናሱ አይሳብም። ከጠበበም አይገባም። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ሰንጥቄ አየሁ። አራተኛው ላይ ቢጫው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አገኘሁት። ያቺ ቁራጭ አሁን መስኮቴ ላይ ናት።

ትክክለኛው ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የእኔን ብየዳ በግራይንደር አጠፋነው። ቀጥሎ ጋሼ መጋጠሚያውን በሙሉ አግለው የድሮውን ናስ አቀለጡት፣ ቱቦው ተመዞ ወጣ። የተበላሸውን ጫፍ ቆረጥን፣ በውስጡ ልክ የሆነ አጭር ቱቦ ሰክተን አዲስ ቁራጭ ቀጠልንበት። ሻሲው እንዳይጣመም በኤል ብረት ላይ በቡሎን አስረነው ነበር። እሳቱን ጋሼ ያዙ፣ ዘንጉን እኔ። አልቸኮሉም። እሳቱ ሰፋ ብሎ፣ ከመጋጠሚያው ወፍራም ጎን ጀምሮ ይዞር ነበር። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ በራሱ ይግላል፣ አትጠጉት ነው ነገሩ። ናሱ በላይ ገብቶ በታች በኩል ቢጫ ቀለበት ሆኖ ሲወጣ ሳይ መጮህ ነበር የቀረኝ። ውኃ አልነካነውም። በራሱ ቀዘቀዘ፣ እኛም ሻይ ጠጣን።

የብየዳ ጋዞቹን፣ ኦክስጅንና አሴቲሊንን፣ አራት ቤተሰብ ያለበት ግቢ ውስጥ አላስገባም። ትልቁን ሥራ ውጭ ያሠራሁት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ትንንሾቹን የምይዘው በቡታጋዝና በብር ብየዳ ነው። 55 በመቶ ብር ያለው ዘንግ 650 ዲግሪ አካባቢ ይፈሳል፤ ዋጋው ያማል እንጂ ሥራው ደስ ይላል። ሙቀቱ እንዳይበተን ሥራውን በጡብ ከብቡት። የቤንዚን ቱቦውን ጫፍ የሠራሁት ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ስለነበር በዓመት አንድ ቀን ጭሴን ማንም አልተናገረኝም።

ኤሌክትሪኩን ጣልኩት ማለት አይደለም። ተራ ብረት ከተራ ብረት ጋር ከሆነና ናስ ከሌለበት እሱ ይሻላል። የፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) መያዣ 6013 በሚባል የ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ በ70 አምፔር ያዝኩት። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቀጭን ስለሆነ በ2 ሚሊሜትር፣ ወደ 45 አውርጄ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ ነው የጨረስኩት። ያም ሆኖ ሁለት ቦታ በሳሁት። የማሽኑን መሬት (የመመለሻ ሽቦውን መቆንጠጫ) ከምትበይዱበት አጠገብ እሰሩ። ጎማው ላይ ካሰራችሁት ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ኳሶቹን ይበላቸዋል። ዓይናችሁንም ጠብቁ። «አንዲት ነጥብ ናት» ብዬ ያለ መስታወት የነካኋት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የሞላ ያህል አስነሳችኝ።

ሌላው ፈተና መብራት ነው። የጎረቤታችን የእማማ የእንጀራ ምጣድና የእኔ ማሽን አብረው ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። እማማ አንድ ቀን ሊጡ ምጣድ ላይ እንዳለ ስላጠፋሁባቸው አሁን ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት አልበይድም። ስምምነት ነው።

ባለፈው እሑድ ሻሲውን በሲባጎ ለካሁት። ከመሪው አንገት ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማ መያዣዎች ወጥሬ ከመሃለኛው ቱቦ ያለውን ርቀት አነጻጸርኩ። ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ለዕድሜዋ ይብቃት ብዬ ቀለም መቀባት ጀምሬያለሁ።

የቀረው ታንኩ ነው። ከሥር በስፌቱ በኩል ያንጠባጥባል። ብዙ ሰው «ባዶ ነው፣ ምን ይሆናል» ይለኛል። ባዶው ነው የሚፈነዳው። ቤንዚኑ ቢወጣም ትነቱ ዝገቱ ውስጥና ስፌቱ ውስጥ ይቀመጣል። በሙቅ ውኃና በሳሙና አራት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አሁንም ሳሸተው ይሸተኛል። ስለዚህ ችቦም ኤሌክትሮድም አይነካውም። ከሌላ ቦታ በጋለ የመዳብ መተኮሻ፣ በቆርቆሮ (ቲን) እና በእርሳስ ቅይጥ ልሞክረው ነው፣ እሱ 200 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይቀልጣል። እስከዚያ ድረስ ታንኩ አፉ ድረስ ውኃ ተሞልቶ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እማማ ትናንት አበባ ሊያጠጡበት ሲሉ ነው የደረስኩት።