ከሮን ወንዝ ዳር፣ መኪና የማያልፍበት መንገድ

ሳይክል መንዳት የተማርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ቫሌ ካንቶን ውስጥ፣ ሮን ወንዝ ዳር።

አዲስ አበባ ሳድግ ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የሚያከራይ ልጅ ነበር። ወንድሞቼ ሳንቲም ባገኙ ቁጥር ይሮጡና በዙር ይከራያሉ። እኔ ሹራባቸውን ይዤ እቆማለሁ። አንድ ቀን "እኔም ልሞክር" ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። "ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ምን ትሠራለች? ደግሞ መኪናው!" አለችኝ። በዚያው ቀረ። መኪናው ግን እውነት ነበር። የኛ ሰፈር አስፋልት ላይ ሚኒባስ የሚያዝንለት ሰው አልነበረም። ፍርሃቱ አብሮኝ አደገ፣ አብሮኝም ተሰደደ።

እዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኤፍ ወረቀት፣ ማለትም ለጊዜው እንዲቆይ ለተፈቀደለት ስደተኛ በሚሰጠው ፈቃድ፣ ኖርኩ። ፈረንሳይኛ ተማርኩ፣ የቀይ መስቀልን የእንክብካቤ ረዳት ኮርስ ወሰድኩ፣ ከዚያ ማርቲኒ ከተማ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ አገኘሁ። የምኖረው ሳክሶን ነው። ከማርቲኒ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የእሁድ ፈረቃ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል፣ ከባቡሩ ሰዓት ጋር ግን አልገጥም አለኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሁለት ሦስት ጊዜ የሥራ ባልደረባ ወሰደችኝ። ሰው ማስቸገር ደግሞ ይከብዳል።

ከኛ በታች ያለው ቤት አስመራ ያደጉ ጡረተኛ ይኖራሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጅ ሆነው ሳይክል ይወዳደሩ ነበር። አስመራ ላይ ይሄ ነገር የቆየ ነው፤ የኤርትራ ዙር ውድድር የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ነው። ጭንቀቴን ስነግራቸው ሳቅ አሉና "ጓለይ (ልጄ)፣ አንቺ ከወንዙ 500 ሜትር ርቀት ላይ እየኖርሽ ባቡር ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምድር ቤታቸው አንድ አሮጌ ሳይክል አወጡ። ፔዳሉን ፈተው ኪሳቸው ከተቱት። ኮርቻውን ሁለቱም እግሮቼ መሬት እስኪነኩ ዝቅ አደረጉት።

"ፔዳል የሌለው ሳይክል ምን ያደርግልኛል?" አልኳቸው።

"ዛሬ የምትማሪው መንዳት አይደለም፤ አለመውደቅ ነው።"

የወሰዱኝ እዚህ ሰዎች ዲግ የሚሉት ላይ ነው። ዲግ ወንዙ እንዳይሞላ በግራና በቀኝ የተሠራ ረጅም የአፈር ግድብ ነው። ድሮ ሮን ሸለቆውን እንደፈለገ እየፈነጨበት ሜዳው ረግረግ ነበር። በፈረንጆች ከ1863 እስከ 1894 መጀመሪያ ገደቡት፣ ከ1930 እስከ 1960 እንደገና አጠናከሩት፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛው ሥራ ላይ ናቸው። ግድቡ ላይና ከሥሩ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ መኪና አይመጣም። ከግራ ወንዝ፣ ከቀኝ የአፕሪኮት እርሻ፣ ከላይ ተራራ። ግራን ሻቫላር 2,899 ሜትር ነው፣ ከሥሩ ስትቆሚ አንገትሽ ይታመማል። መንገዱ ግን እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው። ከማርቲኒ ተነስተሽ በሳክሶን በኩል እስከ ሲዮን ከተማ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄጂ ዳገት አለ ለማለት ይከብዳል። አልፕስ ሲባል ዳገት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

በእግሬ መሬቱን እየገፋሁ ሄድኩ። ሦስት ርምጃ፣ ማቆም። አምስት ርምጃ፣ ማቆም። ጋሼ ከኋላዬ እየተራመዱ "ጎማውን አትዪ፣ ያንን ዛፍ ተመልከቺ! አጆኺ (አይዞሽ)!" ይላሉ። ዓይኔ ወደ ጎማው ሲመለስ መሪው አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ እግሮቼን አንስቼ እስከ አስር ቆጠርኩ። ፔዳሉ የተመለሰልኝ በሦስተኛው ነው። የዛን ቀን ቀጥታ ሄጄ አንዱ አፕሪኮት ዛፍ ሥር ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ተነስቼ ዙሪያዬን ሳይ አንድም መኪና የለም፣ የሚጮህብኝም የለም፣ የሚስቅብኝም የለም። የወንዙ ድምፅ ብቻ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ግን ከሕመሙ አልነበረም።

መንገዱን ለብቻዬ መልመድ ስጀምር የገታኝ ምልክት ነው። በየመግቢያው ቀይ ክብ ቆሟል። ክልክል ማለት መስሎኝ እየወረድኩ ሳይክሉን በእጄ እገፋ ነበር፣ ለሳምንታት! ጋሼ ናቸው ያስረዱኝ። ክቡ ውስጡ ባዶ ነጭ ከሆነ ሳይክልም አያልፍም፣ ወርደሽ ትገፊያለሽ። ውስጡ የመኪናና የሞተር ሳይክል ሥዕል ካለበት ግን የተከለከሉት እነሱ ናቸው፣ አንቺ ትነጃለሽ። ከሥሩ "ቦርዲዬ ኦቶሪዜ" የሚል ጽሑፍ ካለ እዚያው ዳር የሚኖሩ ወይም እዚያ ሥራ ያላቸው ሰዎች በመኪና መግባት ይችላሉ ማለት ነው። የገበሬ ትራክተር አንዳንዴ ይመጣል። ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ፣ እጁን ያነሳልኛል፣ አነሳለታለሁ። ረጅሙን መስመር ለሚፈልግ ደግሞ ቁጥር 1 የሚል ምልክት ያለበትን ቀይ ሰሌዳ መከተል ነው። እሱ ከአንደርማት ተነስቶ ጄኔቭ ድረስ የሚያደርስ የሮን መንገድ ነው።

ነፋሱን ደግሞ ማንም አልነገረኝም። ጠዋት ሸለቆው ጸጥ ይላል። ፀሐይ ተራራውን ስታሞቅ ከሰዓት በኋላ ከጄኔቭ ሐይቅ በኩል ነፋስ ይነሳና ማርቲኒ ላይ ታጥፎ ወደ ሲዮን ሽቅብ ይነፍሳል። በዚያ ሰዓት ከሲዮን ወደ ማርቲኒ የሚሄድ ሰው ወንዙ ቁልቁል እየፈሰሰ እሱ ዳገት የሚወጣ ይመስለዋል። የኔ ፈረቃ ግን ጠዋት ወደ ማርቲኒ ነው፣ ዝም ባለ አየር። 9 ሰዓት ላይ ስወጣ ነፋሱ ጀርባዬን ይዞ ወደ ሳክሶን ይገፋኛል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ ወገቤ ሲዝል፣ ያ ነፋስ ከየት ተላከልኝ እላለሁ።

ወንዙም ይለዋወጣል። በብርዱ ወራት አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ ይታያል። በሙቀቱ ወራት በረዶው ሲቀልጥ ሲሚንቶ የተበጠበጠበት ይመስላል። በሰኔ 2024 መጨረሻ ከኛ ወደ ላይ፣ ሲዬርና ሺፒ አካባቢ፣ ሞልቶ ወጣ። አውራ ጎዳናው ሁሉ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ከፍ ሲል ዲጉ ላይ አልወጣም፣ ማንም እንዲወጣም አልመክርም።

የዚያኑ ዓመት ሐምሌ ጋሼን ቤታቸው ቡና አፍልቼ ቱር ደ ፍራንስን አብረን አየን። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። ጋሼ ተነስተው ቆመው ነበር የሚያዩት። "ይሄ ልጅ እዚህ ኤግል ነው የሠለጠነው" ይሉኛል በየአስር ደቂቃው። እውነት ነው፤ ዓለም አቀፉ የሳይክል ማኅበር ማሠልጠኛ ኤግል ነው ያለው፣ በዚሁ ሸለቆ፣ ከማርቲኒ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ። እኔም በበኩሌ የኛን ፅጋቡ ግርማይን አነሳሁላቸው። በ2016 በዚያ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። "እሱማ ጀግና ነው" አሉኝና ሁለተኛውን ስኒ ጠየቁ።

ባለፈው በጋ ግድቡ ላይ ቆሜ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ሄልሜቴን አይታ "ምን አናትሽ ላይ ደፋሽ?" አለች። ሳይክሉን አሳየኋት። ዝም አለች። ስልኩን አዙሬ መንገዱን አሳየኋት፤ ሳዮን የምትባለው መንደር አሮጌ ግንብ ድረስ ባዶ ነበር።

"መኪናው የታለ?"

"እዚህ መኪና አይገባም እማዬ።"

"ታዲያ መንገዱን ለማን ሠሩት?"

ስለ ወንዙ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና "ወንድሞችሽ ሊያዩሽ ይገባል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር "ዛሬስ ነፋሱ እንዴት ዋለ?" ትለኛለች።

አሁን ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከወንበር ላይ ሆነው ነው የሚያዙት። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት አዲስ የመጣች እህት ይዤ ወረድኩ። እጇ ይንቀጠቀጣል። 15 ቁጥር ቁልፍ አወጣሁ። የቀኙን ፔዳል ፈታሁ። የግራው በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ ይሄንንም ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ሁለቱንም ኪሴ ከተትኳቸውና "ያንን ዛፍ ተመልከቺ" አልኳት።