የተፈጨ ጠርሙስ ለጓሮ

ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ጎረቤታችንን ጓሮ ስናስተካክል ዋልን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አጥሩ ሥር ውሃ እየተኛ ስላስቸገራቸው፣ ቦይ ቆፍረን በተፈጨ ጠርሙስ ሞላነው። አረንጓዴው፣ ቡናማውና ነጩ ቅንጣት ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚያበራ!

«ጋሼ፣ የልጆቹን እግር አይቆርጥም?» አልኳቸው። አንድ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው መሐል አሹት፤ ጭረት እንኳ አልነበረም። ለአትክልት ቦታ የሚሸጠው በማሽን እየተንከባለለ ስለቱ የሞተ ነው። ቤት ውስጥ በመዶሻ የተሰበረ ጠርሙስ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነውና ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ። ከጆንያው ሲገለበጥም ብናኝ ስላለው አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር።

ጠርሙስ አይበሰብስም፣ ውሃም አይመጥም፤ ውሃው በቅንጣቶቹ መሐል ሾልኮ ይወርዳል። ከአፈሩ ጋር እንዳይደባለቅና አረም እንዳይበቅልበት ከሥሩ ጨርቅ አነጠፍን። ለተክል ምግብ ስለማይሆን የጎመኑንና የቲማቲሙን መደብ አልነካነውም፤ እዚያ ብስባሽ ነው የሚያስፈልገው።

የአካባቢያችን የፌርፋክስ ካውንቲ አስተዳደር፣ ጠርሙስ ከየቤቱ ደጃፍ ከሚሰበሰበው መልሶ መጠቀሚያ ጋር እንዳይጣል የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ እየተሰበረ ወረቀቱን ያበላሽ ነበርና። አሁን በሐምራዊ ገንዳዎች ለብቻው ተሰብስቦ፣ በትልቅ መፍጫ አሸዋና ጠጠር ይሆናል። በጣም ደስ የሚለኝ አሠራር ነው። በበዓል ሰሞን ጠርሙስ የሚበዛባችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ አለቅልቃችሁ፣ ክዳኑን አውልቃችሁ ወደዚያ ውሰዱት። የመስኮት መስታወትና የሸክላ ስኒ ግን አይጨመርበትም።