አጓት፣ መዳብና የግቢያችን ወይን

ፍኖተ ሰላም በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ ዳስ የተዘረጋ አንድ የወይን ሐረግ አለ። ባለፈው ጥቅምት በቅጠሎቹ ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ዱቄት ሲወጣ፣ የወንድሜ ልጆች ፍሬውን ሳያጥቡ ከሐረጉ እየቀጠፉ ስለሚበሉት የፋብሪካ መድኃኒት ላለመርጨት ወሰንሁ።

ስህተቴ ይህን በሽታ በክረምት ካየሁት ጋር አንድ አድርጌ መቁጠሬ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው በቅጠሉ ፊት የዘይት ጠብታ የመሰለ ቢጫ ነጥብ፣ በጀርባው ደግሞ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር የሚያወጣው ሲሆን፣ ቅጠሉ ካልረጠበ አይዛመትም፤ በዝምድናውም ከእውነተኛ ፈንገስ ይልቅ ለአልጌ ወገን ይቀርባል። የጥቅምቱ ግን የውኃ ጠብታ የማያስፈልገው፣ ጥላና የታፈነ አየር የሚስማማው እውነተኛ ፈንገስ ነው። ድኝ ይህንን ይገታል፤ ያኛውን ግን አይነካውም።

በአውስትራሊያ የወይን እርሻዎች በተደረጉ ሙከራዎች፣ በውኃ የቀጠነ ወተትና አጓት የዱቄቱን በሽታ መቀነሳቸው ታይቷል። ፀሐይ ሲያርፍበት ወተቱ የፈንገሱን ክሮች የሚጎዱ፣ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ኦክስጅን አዘል ውህዶችን ስለሚፈጥር፣ በደመናማ ቀን መርጨት ብዙም አይረባም። እኔም እናቴ አይብ ስታወጣ የተረፈውን አጓት አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጬ ብጀምር፣ የመርጫው አፍ በአይብ ፍርፋሪ ተደፈነና በአሮጌ ነጠላ ማጥለል ግድ ሆነብኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና እናቴ «ወይኑንም ልታስገድፈው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። በየሳምንቱ ስደጋግመው አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹሕ ሆነው ወጡ፤ አስቀድሞ የነጡት ግን አልዳኑም። ነጭ ሽንኩርት የሚመክሩም አሉ፤ ኃይሉ ቶሎ ስለሚጠፋ እኔ አልገፋሁበትም።

የክረምቱን በሽታ የሚመክተው መዳብ ነው። ታሪኩም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች፣ ልክ የመንገድ ዳር እሸት እንደሚጠብቅ የአገራችን ገበሬ፣ አላፊ አግዳሚው ፍሬውን እንዳይቀጥፍ በመንገድ ዳር ሐረጎች ላይ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ይረጩ ነበር። ሚላርዴ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ እነዚያ ሐረጎች ከበሽታው መትረፋቸውን አስተውሎ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ውህዱን ይፋ አደረገ። ይሁን እንጂ መዳብ ከማዕድን ስለተገኘ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ከአፈር ስለማይጠፋ የአውሮፓ ኅብረት በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ገድቦታል።

ወተቱም ሆነ መዳቡ በቅጠሉ ላይ ቀድሞ ሲገኝ እንጂ በሽታው ከሠለጠነ በኋላ ብዙ አይሠራም፤ ዝናብም ያጥባቸዋል። ስለዚህ በጥር ሐረጉን ሲሶ ያህል ገርዤ ነፋስና ፀሐይ እንዲገቡበት አደረግሁ። እናቴ ግን ቡና የምታፈላበት ጥላ ሳሳብኝ እያለች እስካሁን ትወቅሰኛለች።