«ዓሣው የት አለ?»

የዓሣ እርባታ ድርጅት ሒሳብ እያያችሁ የመኖ ወጪ ቀንሶ ካገኛችሁት፣ ደስ ከማለታችሁ በፊት ኩሬው ድረስ ሂዱ። ይህን የምለው አንድ የተቸገረ ድርጅት ላይ ገንዘብ ይግባ አይግባ ተብሎ ሲከራከሩ ከነበሩ ሰዎች ጋር ሠርቼ ስላየሁት ነው።

ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ነጋዴዎች፣ ጡረተኞችና የመንግሥት ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው በጋራ የሚሠሩበት ቡድን አለ። የሆነ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ለመግዛት ሲያስቡ መዝገቡን እንድመረምርላቸው ይጠሩኛል። በዚያ ሰሞን የቀረበላቸው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ያለ የዓሣ እርባታ ነበር። ኩሬዎች ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን ዓሣ ያረባል። ለዓመታት ከስሯል። በ2014ቱ ጦርነት ጄኔሬተሩና መረቦቹ ተወስደውበታል። ባለቤቶቹ አቅም ሲያንሳቸው አዲስ ባለድርሻ ፈለጉ።

ስብሰባው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነበር። ክርክሩ ገና ሻይ ሳይቀርብ ተጀመረ።

እንግባበት ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ክርክራቸው የወሎ ሰው ክርክር ነው። «እኛ አገር ሠርግ ሲደገስ የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ ነው» አሉ። «ዓሣ ግን ባርኮ የሚያርደው አይፈልግም። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። በጾም ደግሞ ፈላጊው ስንት ነው! ይሄ ገበያ እንዴት ይከስራል?» ልክ ናቸው። በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው አለ፤ የሚበላው ግን ብዙ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሆቴሎች በሁዳዴ ዓሣ ፍለጋ ሲሯሯጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ የግንባታ ዕቃ የሚነግዱት ሴትዮ አልተዋጠላቸውም። «ጋሼ፣ ገበያውማ መች ጠፋ። ሰዎቹ ናቸው ያቃታቸው» አሉ። «ሲከስር የኖረ ድርጅት በእኛ ገንዘብ ምን ተአምር ይሠራል? ሱቅ እንግዛና እናከራይ። ሱቅ አይታመም፣ አይሞት።»

ሦስተኛው ባንክ የሚሠራ ወጣት ነው። ሰነዱን ዘርግቶ የድርጅቱ ሀብት ከዕዳው እንደሚበልጥ አሳየን። ድርሻው በርካሽ እየተሸጠ ነው፤ ይሄ ዕድል አያምልጠን አለ። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን የፈቀደውን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ጠቅሶም፣ ኋላ ላይ ከባንክ መበደር ይቻላል ብሎ ተከራከረ። በደንብ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።

ክርክሩ ጦፈ። ከዚያ እስከዚያች ሰዓት ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት እህል ነጋዴው ሐጂ ገቡ።

«ልጆቼ፣ አብሽሩ። ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ግን ዓሣው የት አለ?»

«ሐጂ፣ ኩሬው ውስጥ ነዋ!» አለ ወጣቱ።

«አይተኸዋል?»

«ሰነዱ ላይ ቁጥሩ…»

«ሰነዱንማ ልጄ አንተ አንብበኸዋል። እኔ እህል ሳልዘግን ገዝቼ አላውቅም።»

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነበር። ሌላው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገበያው ቢኖርም ዓሣ ከሌለ የሚሸጥ የለም። ድርሻው ርካሽ ነው የተባለውም ሀብት ተብሎ የተጻፈው ነገር በእርግጥ ካለ ነው።

ስለዚህ መዝገቡን ወስጄ ሀብቱ ምን እንደሆነ ፈለግሁ። ከመሬቱ ግንባታ ቀጥሎ ትልቁ ቁጥር «ሕይወት ያለው ሀብት» የሚለው ነው። በፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት አገራችን ዓለም አቀፉን የሒሳብ ደረጃ ተቀብላለች። በደረጃው ቁጥር 41 ደግሞ በእርባታ ላይ ያለ እንስሳ የሚመዘገበው በወቅቱ የገበያ ዋጋ፣ የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን በሬ በረት ሄዶ ይታያል፤ ዶሮ ይቆጠራል። ዓሣ ውኃ ስር ነው። ድርጅቱ ያደረገው ኩሬ ውስጥ የከተተውን የዓሣ ጫጩት ብዛት ወስዶ፣ ይሞታል ብሎ የገመተውን ቀንሶ፣ የቀረውን በደረሰ ዓሣ ዋጋ ማባዛት ነው። ወረቀት ላይ ያለው ዓሣ በየወሩ ሳይታመም፣ ሳይራብ ያድጋል።

ቀጥዬ መኖ የሚለውን መስመር አየሁ። በየዓመቱ ወርዷል። ሥራ አስኪያጁ ከሥሩ «ወጪ ቆጣቢ አሠራር» ብሎ ጽፎበታል። እዚህ ላይ ቆም አልኩ።

በዓሣ እርባታ ከሥራ ማስኬጃው ወጪ ግማሹንና ከዚያ በላይ የሚወስደው መኖ ነው። አንድ ኪሎ ቆሮሶ ለማሳደግ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ጥሩ መኖ ይፈልጋል። ኩሬው ራሱ የሚያበቅለው ዋቅላሚ፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ማለት ነው፣ የተወሰነ ያግዛል፤ ግን ብቻውን ንግድ አያቆምም። እንግዲህ 10 ኩንታል መኖ የገዛ ሰው የሚጠብቀው ከ5 እስከ 7 ኩንታል ዓሣ ነው። ከመኖው ደረሰኝ ተነስቼ ወደ ዓሣው ስሄድ፣ የተገዛው መኖ መዝገቡ ላይ ካለው ዓሣ ግማሹን እንኳን ሊያደርስ አይችልም። ወይ ዓሣው የለም፣ ወይ አለ ግን አላደገም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ወረቀት አይናገርም።

ጥር ላይ ነው የሄድነው። በጠዋት። ሐጂና ጋሼም ነበሩ፣ አንድ የዓሣ ሀብት ባለሙያም ይዘን ነበር። በጠዋት መሄዳችን ባለሙያው ስለመከረን ነው። ሌሊት ዋቅላሚውም ዓሣውም ኦክስጅን ሲስቡ ያድራሉ፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ኩሬው በጣም ያንሰዋል። ችግር ካለ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አድርጎ አየር ሲጎርስ ይታያል። ያን ቀን ይህ አልነበረም። ኩሬው ፀጥ ብሏል፣ ውኃውም ደህና አረንጓዴ ነው። ጋሼ «ይኸው! ምን አለው?» አሉ።

ሠራተኞቹ በተዋሱት መረብ ኩሬውን ከዳር ዳር ጎትተው ጥግ ላይ ሰበሰቡት። መረቡ ሲነሳ ውኃው ፈላ። ዓሣ ሞልቷል። ጋሼ ፊታቸው በራ። ባልዲ ቀርቦ መመዘን ተጀመረ። የተመዘነው ተደምሮ ለብዛቱ ሲካፈል፣ አብዛኛው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ 100 ግራም የማይሞላ ነው።

«ቅርብ ጊዜ የገቡ ይሆናሉ» አሉ ጋሼ።

የኩሬው ሠራተኛ አንዷን አንስቶ ሐጂ ፊት አቀረባት። ርዝመቷ ከመሐል ጣት ብዙም አይበልጥም። የታች መንጋጋዋን በአውራ ጣቱ ዝቅ ሲያደርገው ከአፏ ውስጥ ቢጫ እንቁላል መዳፉ ላይ ተንከባለለ። «ሐጂ፣ ይዩ። እናት ናት» አለ። «እነዚህ አዲስ አይደሉም። አሮጌዎቹ ናቸው።»

ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። ምግብ ሲያንሳት፣ ቦታ ሲጠባት ማደጉን ትታ ገና በትንሽነቷ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ኩሬ ከገባ ጥቂት ወር ሳይቆይ ኩሬው በልጆች ይሞላል፤ ልጆቹም ይወልዳሉ። ያለውን መኖ ሁሉም ይሻማዋል፣ አንዱም አያድግም። ያው ኩሬ 10,000 ዓሣ ቢኖረውና እያንዳንዱ 300 ግራም ቢደርስ 3,000 ኪሎ ነው። 80 ግራም ላይ ቢቆም 800 ኪሎ ነው። ቁጥሩ አልጎደለም፤ ገንዘቡ ግን የለም። ሆቴል ደግሞ 80 ግራም ዓሣ አይገዛም። ከቆሮሶ ክብደት ፊሌቶ፣ አጥንት የሌለው ሥጋ፣ ሆኖ የሚወጣው ሲሶ ገደማ ነው። ከዚያች ዓሣ የሚገኘው አንድ ጉርሻ ቢሆን ነው።

ባለሙያው ሙቀት መለኪያውን በገመድ ውኃው ውስጥ ሰደደው። 17 ዲግሪ። ቆሮሶ ደህና አድርጎ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውኃ ነው። ከ20 ሲወርድ ይቀዘቅዛል፣ 16 አካባቢ ሲደርስ መብላቱን ሊተው ምንም አይቀረው።

ጋሼ አሁንም አልለቀቁም። «ይኸው ሐይቁ እዚሁ አይደል? ቆሮሶ ከተጨመረበት ዘመን ጀምሮ ሰው እያጠመደ ሲበላ ኖሯል። ሐይቁ ውስጥ ያደገ ዓሣ ኩሬ ውስጥ ለምን እንቢ ይላል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለሙያው በአክብሮት መለሰላቸው። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው። ቀን የያዘውን ሙቀት በአንድ ሌሊት አይለቅም። የእኛ ኩሬ ቁመቱ ከሰው ወገብ አያልፍም፤ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሐይቁ አጠገብ መሆን ሐይቁን መሆን አይደለም።

ስለ ሥራ አስኪያጁ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ሌባ አልነበረም። አንዳንዶቹ እንደዚያ ሲጠረጥሩት ነበር፤ ደረሰኝ በደረሰኝ ሄጄበታለሁ፣ የጎደለ ብር አላገኘሁም። ጫጩት ሲያጣ ከአጥማጆች ሳይመርጥ ገዛ። ብር ሲያጥረው የተመጣጠነውን መኖ በፉርሽካ ተካ። ፉርሽካ ፕሮቲኑ 15 በመቶ አካባቢ ነው፤ ቆሮሶ 25 እና 30 ይፈልጋል። የወሩን ደመወዝ ለመክፈል የነገውን ዓሣ አስራበ። እንዲህ እየሆነ የሚወድቅ ድርጅት ብዙ አይቻለሁ፤ በሌላ ዘርፍ ግን ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። ዱቄት ፋብሪካ ስንዴ ባይገዛ በሳምንቱ ዱቄት የለውም። ዓሣ ላይ የዛሬ መኖ ገንዘብ የሚሆነው ከስድስት፣ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ መኖ የቀነሰ ጊዜ ሒሳቡ ለጊዜው ያምራል። ቆጠብን ይባላል፣ ቦርድ ያጨበጭባል። ኪሳራው በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ምክንያቱ ገበያ ነው፣ ጦርነት ነው፣ ሌላ ነገር ነው ይባላል። ጦርነቱ ጎድቶታል፣ አልክድም። ግን የመኖው መስመር መውረድ የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው።

ደሴ ተመልሰን ስንሰበሰብ ክርክሩ ሌላ ሆነ። ማንም ገበያ አለ የለም አላለም። ወጣቱ ሰነዱን ይዞ፣ የዓሣውን ቁጥር በመዘንነው ክብደት ራሱ አርሞት መጣ። ሀብቱ ከዕዳው በታች ወርዷል። በዚህ ላይ ድርሻው ርካሽ መሆኑ ቀረ። ሴትዮዋ ግን፣ ሁላችንንም ገረመን፣ ልባቸው ለዘብ ብሏል። «አሁን ችግሩ ታወቀ አይደል? የማይታወቅ ነገር ነው እኔ የምፈራው» አሉ።

እኔ የመከርኩት የድሮውን ድርሻ በተጠየቀው ዋጋ እንዳይገዙ ነው። ያ ገንዘብ ወደ ዓሣ አይሄድም፤ የትናንት ዕዳ ይከፍልና ያልቃል። የሚገባው ገንዘብ በሁለት ይከፈል። የመጀመሪያው አንድ ኩሬ ላይ ብቻ ይዋል። ኩሬው ይጥፈፍ፣ ይድረቅ፣ ያለው ትንሽ ዓሣ በተገኘው ዋጋ ይወገድ። ወንድ ብቻ የሆነ የቆሮሶ ጫጩት ይግባ። የተወሰነ አምባዛም ይጨመርበት፤ ሾልኮ የተፈለፈለ ካለ አምባዛው ይለቅመዋል። መኖው ከሩቅ ባይመጣም ይሆናል። ፉርሽካ ኮምቦልቻ ካሉት ዱቄት ፋብሪካዎች፣ የብቅል አተላ ከቢራ ፋብሪካው፣ የኑግ ፋጉሎ ከዘይት ጨማቂዎች ይገኛል። ፋጉሎው ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል። በየወሩ መረብ ተጥሎ ይመዘን፣ ክብደቱም ከመኖው ደረሰኝ ጋር አብሮ ይላክ። ሁለተኛው ገንዘብ የሚለቀቀው ክብደቱ ሲታይ ነው።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ላይ ተቆጣ። «እንደ ሕፃን በየወሩ ልመዘን ነው?» አለ። ሐጂ ናቸው ያረጋጉት። «ልጄ፣ አንተን አይደለም የምንመዝነው፤ ዓሣውን ነው። ካደገ ምስክርህ እሱ ነው» አሉት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ ስንት ግራም እንደምንጠብቅ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥራ ሆነ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የወራቱ ስሌት ነው። ጋሼ ሁዳዴን ነበር የሚያስቡት። ለሁዳዴ እንዲደርስ ግን ዓሣው ቀዝቃዛዎቹን ወራት ኩሬ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ያኔ ደግሞ ቢቀለብም አያድግም። ባለሙያው ከብርዱ በኋላ መጋቢት ላይ ጫጩት ማስገባትን መረጠ። ስምንት ወር ሲቆጠር ኅዳር ላይ ይደርሳል፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ብርዱ ሳይበረታ ኩሬው ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ተስማምተው የመጀመሪያውን ገንዘብ አስገቡ። ሁሉም ግን አይደሉም። ወጣቱ ድርሻውን አልጨመረም። ኩሬው የተቆፈረበት ቦታ ራሱ ስህተት ነው ይላል። ከኮምቦልቻ ወደ ታች ሐርቡና ከሚሴ ሞቃት ነው፣ እዚያ ተቆፍሮ ቢሆን ይህ ሁሉ የወር ቆጠራ ባላስፈለገ ነበር ባይ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ሐርቡ ላይ መሬቱና ውኃው በስንት እንደሚገኝ አጣርቶ እንዲመጣ ነግረውታል።